ኮምፒየኝ ያለው ፉርጎ 2419 ነው ወይስ ሌላ?

ሐዲድ ወዳድ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አባላት። ስለ አንድ አሮጌ የመንገደኞች ፉርጎ የምጠይቃችሁ ነገር ስላለኝ ትንሽ ታገሡኝ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የአንደኛው የዓለም ጦርነት የተኩስ ማቆም ስምምነት ኖቬምበር 11 ቀን 1918 የተፈረመው በሰሜን ፈረንሳይ፣ ኮምፒየኝ ከተባለችው ከተማ አጠገብ፣ ጫካ ውስጥ በቆመ የባቡር ፉርጎ ውስጥ መሆኑን ከተማሪነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ሂትለር በ1940 ፈረንሳይን ድል ካደረገ በኋላ የፈረንሳይን መልእክተኞች እዚያው ፉርጎ ውስጥ አስቀምጦ እንዳስፈረማቸውም አንብቤአለሁ። ግራ የተጋባሁት ከዚያ ወዲህ ባለው ታሪክ ነው። አንድ መጽሔት ላይ ፉርጎው በ1945 ጀርመን ውስጥ ተቃጥሎ ማለቁን አነበብኩ። ባለፈው ዓመት ደግሞ አንድ ዘመዴ ቦታውን ጎብኝቶ ያነሣውን ፎቶግራፍ ላከልኝ። ፎቶግራፉ ላይ የሚታየው ፉርጎ ከእግር እስከ ራሱ ሙሉ ነው፤ ጎኑም ላይ 2419 የሚለው ቁጥር በግልጽ ይነበባል። የተቃጠለ ነገር መልሶ እንዴት ሊቆም ቻለ?

ሁለተኛው ጥያቄዬ ከዚህ ሰፋ ያለ ነው። ምግብ ሊቀርብበት የተሠራ ፉርጎ የጦር አዛዥ ቢሮ፣ ቀጥሎ የቤተ መዘክር ዕቃ፣ ቀጥሎም የጦር ምርኮ መሆኑ የእርሱ ብቻ ዕጣ ነው ወይስ ፉርጎዎች በአጠቃላይ እንዲህ ከሥራ ወደ ሥራ ሲዘዋወሩ ነው የሚኖሩት? የሚያውቅ ቢያብራራልኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

መዝገብ አገላባጭ

ያነበቡትም ያዩትም ልክ ነው። ፉርጎ 2419 ተቃጥሏል፤ በፎቶግራፉ ላይ ያለውም ቁጥር እንዳዩት 2419 ነው። የተዛወረው ቁጥሩ ነው። እንዴት እንደተዛወረ ለማስረዳት ግን ከመጀመሪያው መነሣት አለብኝ።

ፉርጎው በ1914 የተሠራው በአውሮፓ የመኝታና የምግብ ፉርጎዎችን ያሠማራ ለነበረው፣ በአጭሩ ቫጎን ሊ እየተባለ ለሚጠራው ዓለም አቀፍ ኩባንያ ነው። አገልግሎቱ ለመንገደኛ ምሳና እራት ማቅረብ ነበር። በ1918 መገባደጃ ላይ የተባባሪዎቹ ጦር ጠቅላይ አዛዥ ማርሻል ፎሽ ከግንባር ግንባር አብሯቸው የሚንቀሳቀስ ቢሮ ስላስፈለጋቸው ይህ ፉርጎ ተመርጦ ወደ ቢሮነት ተለወጠ፤ የመመገቢያ ጠረጴዛዎቹ ወጡና በምትካቸው ሰዎች ዙሪያውን ተቀምጠው የሚነጋገሩበት ትልቅ ጠረጴዛ ገባ። ጫካው የተመረጠውም ያለ ምክንያት አይደለም። በሐዲድ ላይ የሚጓዙ ከባድ መድፎችን ለማቆም የተዘረጉ ሐዲዶች እዚያ ነበሩ፤ የፎሽ ባቡር በአንዱ፣ በማቲያስ ኤርትስበርገር የተመራው የጀርመን ልዑክ ባቡር በሌላው ላይ ቆሞ ከጋዜጠኛም ከተመልካችም ርቆ መነጋገር ይቻል ነበር። ስምምነቱ የተፈረመው ከሌሊቱ 11 ሰዓት አለፍ ሲል ሲሆን፣ ተኩሱ የቆመው በዚያው ቀን ረፋድ በ5 ሰዓት ነው። (ፈረንጆች «አሥራ አንደኛው ሰዓት» ሲሉ የምንሰማው ይህንኑ የእኛን 5 ሰዓት ነው፤ ብዙ የአማርኛ ጽሑፎች ሁለቱን ሲያደባልቁ አያለሁ።)

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁልጊዜ ያስገርመኛል። ፉርጎው ለኩባንያው ተመልሶ ለጥቂት ጊዜ እንደገና ምግብ ቀረበበት። የዓለም ጦርነት በተቋጨበት ወለል ላይ አስተናጋጆች ሾርባ ይዘው ተመላለሱ ማለት ነው። በ1919 ለጦር ሠራዊቱ ቤተ መዘክር ተሰጠ፤ ከ1921 እስከ 1927 ድረስም ፓሪስ፣ አንቫሊድ ግቢ ውስጥ ከቤት ውጭ ቆሞ ዝናብና ፀሐይ ተፈራረቁበት። አርተር ፍሌሚንግ የተባሉ አሜሪካዊ ባለጸጋ የማደሻውን ወጪ ባይሸፍኑ ኖሮ ምናልባት እዚያው በስብሶ ይቀር ነበር። ታድሶ ወደ ጫካው የተመለሰውና ለእርሱ በተሠራ ቤት ውስጥ የገባው ኖቬምበር 11 ቀን 1927 ነው።

በጁን 1940 የጀርመን ወታደሮች የዚያን ቤት ግድግዳ አፍርሰው ፉርጎውን አወጡትና በ1918 ቆሞበት በነበረው ቦታ ላይ አቆሙት። በ21ኛው ቀን ሂትለር ገብቶ ፎሽ በተቀመጡበት ቦታ ተቀመጠ፤ የስምምነቱ መግቢያ ጽሑፍ ተነቦ እንዳበቃም የፈረንሳይን መልእክተኞች ትቷቸው ወጣ። በማግስቱ ካይተል ለጀርመን፣ ጄኔራል ኡንትዚጄ ለፈረንሳይ ፈረሙ። ፉርጎው በርሊን ተወስዶ ሉስትጋርተን በተባለው አደባባይ ለሕዝብ ታየ። በጫካው የነበሩት መታሰቢያዎች በትእዛዝ ሲፈርሱ የፎሽ ሐውልት ብቻ ሆን ተብሎ ቀረ፤ ባዶ ሜዳ እያየ እንዲቆም። የአየር ድብደባው ሲበረታ ፉርጎው በ1944 ቱሪንጊያ ወደተባለው የጀርመን ክፍለ ሀገር ተዛወረ፤ በ1945 ክራቪንከል በተባለ መንደር አጠገብ ተቃጠለ።

ዘመድዎ ያዩት ፉርጎ ቁጥሩ 2439 የነበረ፣ በ1913 ከአንድ ትእዛዝ የወጣ መንትያው ነው። ኩባንያው ለመታሰቢያው ሰጠው፤ በ1950 ቁጥሩ ተፍቆ 2419 ተጻፈበትና በተቃጠለው ቦታ ገባ። ከጀርመን ውህደት በኋላ ደግሞ ከመጀመሪያው ፉርጎ የተረፉ ጥቂት ስብርባሪዎች ከክራቪንከል ተመልሰው አሁን በቤተ መዘክሩ ይታያሉ።

የፉርጎ አናጢ

መዝገብ አገላባጭ ታሪኩን አሟልተው ስለተናገሩ እኔ ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልሂድ። ሙያዬ አናጢነት ነው፤ ለተወሰኑ ዓመታት አሮጌ ፉርጎዎች በሚጠገኑበት ወርክሾፕ ሠርቻለሁ።

ሰው ፉርጎን እንደ አንድ ዕቃ ያየዋል፤ ለእኛ ግን ቢያንስ ሦስት ነው። ከሥር ጎማዎቹን አቅፈው ከርቭ ላይ የሚታጠፉት ሁለት ጋሪዎች አሉ፣ በሙያው ቦጊ የምንላቸው። በእነርሱ ላይ መጎተቻውንና መጋጫውን የተሸከመው የብረት ሻሲ ያርፋል። ከሻሲው በላይ ያለው ሣጥን፣ ማለትም ግድግዳው፣ ጣሪያውና መስኮቱ፣ በድሮ ፉርጎዎች ላይ በአብዛኛው እንጨት ነው። ወንበሩ፣ ክፍል መለያው፣ የሻንጣ መስቀያው ደግሞ ከሦስቱም ውጭ ነው፤ በቡሎንና በብሎን ስለሚታሰር በጥቂት ቀናት ይነቀላል። መኪና የለመደ ሰው ይህን ለማመን ይከብደዋል፤ የመኪና አካል ከተጎዳ መኪናው ተጎዳ ማለት ነው። ፉርጎ ግን ሻሲው ደኅና እስከሆነ ድረስ ሆዱን ደጋግሞ ይለውጣል። ባቡር ድርጅቶችም የሚያስቡት በዚሁ መንገድ ነው፤ ሻሲው ብዙ አሥርተ ዓመታት ሲያገለግል የመንገደኛው ምርጫ በየአሥር ዓመቱ ይለዋወጣልና፣ አዲስ ከማሠራት አሮጌውን ገልብጦ መሥራት ይረክሳል።

የምግብ ፉርጎ ለፎሽ የተመቸውም በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል። የመኝታ ፉርጎ በጠባብ ክፍሎች የተከፋፈለ ነው፤ ስምንት ሰው በአንድ ጠረጴዛ ላስቀምጥበት ቢባል ግድግዳ ማፍረስ ያስፈልጋል። የምግብ ፉርጎ ግን ከወጥ ቤቱ በቀር አንድ ረጅም አዳራሽ ነው። ጠረጴዛ ማውጣትና ማስገባት ብቻ ነው።

የሚቃጠልበትም ምክንያት ግልጽ ነው። የቫጎን ሊ ፉርጎዎች እስከ 1920ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ሣጥናቸው በቫርኒሽ የተለበጠ የቲክ እንጨት ነበር፤ ኩባንያው ወደ ብረት ሣጥን የዞረው ከ1922 ጀምሮ ነው። እንጨት ሣጥን ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ያሳየው ትልቁ አደጋ ሜይ 22 ቀን 1915 በስኮትላንድ፣ ኩዊንቲንስሂል ላይ የደረሰው ነው። ወታደሮችን የጫነው ባቡር ፉርጎዎቹ የእንጨት፣ መብራታቸው ደግሞ ከወለሉ ሥር በታንክ የሚያዝ ጋዝ ነበር፤ ከግጭቱ በኋላ እሳት ተነሥቶ ከ200 በላይ ሰው አለቀ።

አንድ ነገር ልጨምር። አንድ ጊዜ በአንድ የእንጨት ፉርጎ ላይ የመስኮት ሥር መከታ ቀለም እየፋቅሁ ነበር። የመስኮት ሥር ዝናብ የሚጠራቀምበት ቦታ ስለሆነ እንጨቱ መጀመሪያ የሚበሰብሰው እዚያ ነው፤ ቀለሙም እየተደራረበ የሚቀባው እዚያ ነው። ላይኛው ግራጫ ነበር፣ የሐዲድ ጥገና ሠራተኞች ሲያድሩበት የተቀባ። ከግራጫው ሥር አረንጓዴ፣ ከአረንጓዴው ሥር ቡናማ፣ ከቡናማው ሥር ክሬም፣ ከሁሉም ሥር ደግሞ እንደ ማር የሚያበራ ቫርኒሽ ወጣ። በጥፍሬ ስፋት ቦታ ላይ አምስት ዘመን ተደርድሮ አየሁ። መከታውን ነቅዬ ስገለብጠው ከጀርባው በእርሳስ 7 ተብሎ ተጽፏል፤ የመጀመሪያው አናጢ ለሰባተኛው መስኮት የሠራው መሆኑን ያመለከተበት ነው። ያን ቀን ሁለት መከታዎች አልገጥም ብለውን አንዱን ልንቆርጠው መጋዝ አንሥተን ነበር። በስተኋላ እንደታየው ከኛ በፊት የጠገነ ሰው 7ንና 9ን አቀያይሯቸው ኖሯል። ስናዘዋውራቸው ያለ አንዳች መጋዝ ገጠሙ። እያንዳንዱ መስኮት በእጅ የተሠራ ስለነበር አንዱ ከሌላው በሁለትና በሦስት ሚሊ ሜትር ይለያል።

ተሳፋሪ

በአናጢው ማብራሪያ እስማማለሁ፤ በአንድ ነገር ላይ ግን ቅር ይለኛል። ፉርጎን በሻሲና በሣጥን ብቻ ከለካነው የኮምፒየኙ መንትያ ከተቃጠለው ጋር እኩል ሊባል ነው፤ አንድ ፋብሪካ፣ አንድ ንድፍ፣ አንድ እንጨት። ሆኖም ፎሽ በዚያ ላይ አልፈረሙም። ቁጥሩን በላዩ መጻፍ ለእኔ ማታለል ይመስለኛል።

በተቃራኒው ያለውን ምሳሌ ላንሣ። በአሜሪካ ፑልማን የተባለው ኩባንያ በ1929 በታዋቂ አሳሾች ስም ከሰየማቸው ስድስት የግል ፉርጎዎች አንዱ ፈርዲናንድ ማጄላን ይባላል። የተሠራው ሀብታሞች እየተከራዩ እንዲሄዱበት ነበር። አሜሪካ ወደ ጦርነት ስትገባ ለፕሬዚዳንት ሩዝቬልት እንዲሆን ተመርጦ በ1942 ከላይ እስከ ታች እንደገና ተሠራ፤ ጣሪያው፣ ወለሉና ጎኖቹ 16 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው የብረት ጋሻ ተሸፈኑ፣ መስኮቶቹ 7 ሴንቲ ሜትር ተኩል ግድም ውፍረት ባለው ጥይት የማይበሳው መስታወት ተተኩ፣ የመኝታ ክፍሎቹ ከአምስት ወደ አራት ወረዱ፣ አደጋ ቢደርስ የሚወጣባቸው ሁለት ማምለጫዎችም ተበጁለት። መጀመሪያ 73 ቶን አካባቢ የነበረው ክብደቱ ወደ 129 ቶን ገደማ ደረሰ። አናጢው ወንድማችን እንዳሉት ሆዱ ብቻ ሳይሆን ቆዳውም ተለወጠ። ሆኖም ፈርዲናንድ ማጄላን አይደለም የሚል ሰው አልሰማሁም። በ1948 ትሩማን ከኋላ በረንዳው ላይ ቆመው በየጣቢያው ከ300 በላይ ንግግር አደረጉ፤ ተሸነፉ ብሎ ያወጀውን ጋዜጣ ከፍ አድርገው የያዙበት ዝነኛ ፎቶግራፍም የተነሣው ሴንት ሉዊስ ላይ በዚያው በረንዳ ነው። ከዚያ አይዘንሃወር ብዙም ሳይጠቀሙበት ጡረታ ወጣ፤ ፍሎሪዳ የሚገኝ የባቡር ቤተ መዘክር ውስጥ ገባ። በ1984 ሬገን ለአንድ ቀን የምርጫ ዘመቻ ኦሃዮ ውስጥ ሄዱበትና ወደ ቤተ መዘክሩ ተመለሰ።

ስለዚህ ጥያቄው ምን ያህሉ ተለወጠ አይደለም፤ ሥራው ሳይቋረጥ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፏል ወይ የሚለው ነው። ማጄላን ተላልፏል። የኮምፒየኙ ግን በ1945 ተቋርጧል።

ሐዲድ ወዳድ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ከጠበቅሁት በላይ ተማርኩ። ተሳፋሪ ያነሡት ሐሳብ ግን ሌላ ጥያቄ ወለደብኝ። አናጢው አንድ መከታ ሲበሰብስ አዲስ ይሠራሉ፤ በሚቀጥለው ዓመት ሌላውን፤ በሃያ ዓመት ውስጥ ከመጀመሪያው እንጨት ምንም ላይቀር ይችላል። ያን ጊዜ ያ ፉርጎ ማን ነው? ደግሞም እስካሁን የተጠቀሱት ሁሉ ማርሻልና ፕሬዚዳንት ያሳፈሩ ናቸው። ማንም ታዋቂ ሰው ያልተሳፈረባቸውስ የት ይደርሳሉ?

የፉርጎ አናጢ

ለመጀመሪያው የምሰጠው መልስ የወርክሾፕ መልስ ነው። እኛ ዘንድ የሚሠራበት ልማድ አዲሱን እንጨት በማይታይበት ጎኑ ዓመቱን ጽፎ ማስገባት፣ የወጣውንም አሮጌ ቁራጭ ከነቁጥሩ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ ነው። ከኋላችን የሚመጣው ጠጋኝ መከታውን ሲገለብጥ የትኛው የማን እንደሆነ ያውቃል። እንጨቱ ቢያልቅ እንኳ መቼ እንዳለቀ ይታወቃል። ተሳፋሪ «ሥራው ሳይቋረጥ» ያሉትን እኔ የምረዳው በዚህ መልኩ ነው። ሙሉ ፉርጎ ሲጠፋና ሌላው በቦታው ሲቆም ግን ጀርባው ላይ ዓመት የሚጻፍበት መከታ የለም።

ለሁለተኛው ጥያቄ፤ ያልታደሉት ብዙ ናቸው፣ ሥራቸው ግን የበለጠ ልዩ ልዩ ነው። የተለመደው መውረጃቸው ከፈጣኑ መስመር ወደ ቅርንጫፍ መስመር፣ ከዚያ ወደ ሐዲድ ጠጋኞች ማደሪያ፣ በመጨረሻም ጎማቸው ወጥቶ ሣጥናቸው መሬት ላይ ተቀምጦ መጋዘን ወይም ጎጆ መሆን ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ብዙዎቹ የቆሰሉትን የሚያጓጉዙ የሆስፒታል ባቡሮች ሆነዋል። በእንግሊዝ ከ1933 ጀምሮ አንድ የባቡር ድርጅት ያረጁ ፉርጎዎችን ውብ በሆኑ ጣቢያዎች ዳር አቁሞ ለዕረፍት ያከራይ ነበር፤ ሌሎቹም ተከትለውታል። በካናዳ ኦንታርዮ ደግሞ ከ1926 ጀምሮ እስከ 1960ዎቹ ድረስ ትምህርት ቤት የሆኑ ፉርጎዎች በጫካ መስመር ላይ ይዘዋወሩ ነበር፤ በአንድ ጫፍ መማሪያ ክፍል፣ በሌላው ጫፍ የመምህሩ ቤተሰብ መኖሪያ ነበራቸው። ፉርጎው አንድ ቦታ ጥቂት ቀናት ቆሞ ለሕፃናቱ የቤት ሥራ ከተሰጠ በኋላ ወደሚቀጥለው ይጎተት ነበር። ከታሪካቸው ሁሉ ይህን እወደዋለሁ።

ወርደው መልሰው የወጡም አሉ። ጄምስ ሸርውድ የተባሉ ባለሀብት በ1977 ሞንቴ ካርሎ ላይ በጨረታ ሁለት አሮጌ የቫጎን ሊ ፉርጎዎች ገዝተው፣ ሌሎችንም እያፈላለጉ አሳድሰው በ1982 ቬኒስ ሲምፕሎን ኦሪየንት ኤክስፕረስ የተባለውን የቅንጦት ባቡር አስጀመሩ። ከእነዚያ አንዱ፣ ቁጥሩ 3544 የሆነው የ1929 የመኝታ ፉርጎ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በፈረንሳይ፣ ሊሞዥ ከተማ ላይ የሴተኛ አዳሪዎች ቤት ነበር። ዛሬ የሚሳፈሩበት እንግዶች ለአንድ ሌሊት የሚከፍሉት ዋጋ ሌላ ውይይት ይፈልጋል።

መዝገብ አገላባጭ

ተሳፋሪ «ማታለል» ያሉት ቃል ከበድ ያለ መሰለኝ፤ ቤተ መዘክሩ መንትያ ፉርጎ መሆኑን ከጎብኚ አይደብቅምና። የተቃጠለው ስብርባሪ አጠገቡ የሚታየውም ለዚሁ ነው። በአንድ በኩል ግን ልክ ናቸው፤ ትንሽ ካሰብኩበት በኋላ የገባኝ ነውና ልናገረው። እኛ ሁላችን የተቆጨነው ለ2419 ነው። በ1913 ተሠርቶ እስከ 1950 ድረስ የራሱን 37 ዓመት የኖረው 2439 ነው እንጂ ሌላ አይደለም፤ ጎኑን የፋቁት ዕለት የራሱ ዘመን ከላዩ ወረደ። ዛሬ ሰው መስኮቱን አጮልቆ ሲያይ ፎሽን ይፈልጋል፤ ቀድሞ እዚያ ማን ተቀምጦ እንደበላ የሚጠይቅ የለም።

ሐዲድ ወዳድ ሆይ፣ ዘመድዎ ሌላም ፎቶግራፍ ካላቸው ከጎኑ ብቻ ሳይሆን ከወለሉ ሥር፣ ሻሲው የሚታይበትን ቢልኩልን ደስ ይለናል። የቀለም ቁጥር በአንድ ቀን ይፋቃል፤ ፋብሪካ በብረት ላይ የመታውን ምልክት ለማጥፋት ግን ብዙ ሰው አይደክምም።

ሐዲድ ወዳድ (ጠያቂ)

ጠይቄአቸዋለሁ። ሌላ ሦስት ፎቶግራፍ አላቸው፤ ሦስቱም የተነሡት ከጠረጴዛው በኩል ነው።